«እኛ» አትበሉ ይሉናል

ለትልልቅ የቴክኖሎጂ ካምፓኒዎች የሚያመለክት ወዳጅ ያለው ሁሉ አንዲት ምክር ሳይሰማ አይቀርም። ሲያትል ያለው የአጎት ልጅ ይላታል፣ ዩቲዩብ ላይ ያለው አሰልጣኝ ይላታል፣ በሰዓት እየተከፈለው የሚያለማምደውም ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ይላታል። «ኢንተርቪው ስትቀርብ እኛ የምትል ቃል ከአፍህ እንዳትወጣ!» «አደረግን» አትበል፣ «አደረግኩ» በል። «ወሰንን» አትበል፣ «ወሰንኩ» በል። «አስተካከልን» አትበል፣ «አስተካከልኩ» በል። በአማርኛ ሲሆን የአንዲት ፊደል ጉዳይ ነው፤ «ን» ትወጣለች፣ «ኩ» ትገባለች።

እኛ (በዚህ አምድ «እኛ» ማለት እስካሁን አልተከለከለም) ይህቺ ፊደል ትንሽ ነገር ናት ብለን አናምንም። ለሌላ ሥራ ቢሆን ዝም ብለን ባለፍናት ነበር። ኮድ የሚጽፈውን ሰው «አንተ የጻፍከውን አሳየን» ቢሉት ያስኬዳል። የምንነጋገረው ግን ስለ ቴክኒካል ፕሮግራም ማኔጀር ነው፤ ባለሙያዎቹ ቲፒኤም ይሉታል። ሥራው ከጫፍ እስከ ጫፍ «እኛ» የሆነ ሰው። ለዚህ መደብ ሰው ሲመርጡ «እኔ» ማለት የሚቀናውን ማስቀደም ለመዘምራን ቡድን ሰው ፈልጎ ብቻውን የሚጮኸውን እንደ መምረጥ ነው እንላለን።

ሥራውን ለማያውቅ እናስረዳ። ቲፒኤም ኮድ አይጽፍም፤ ስለ ኮዱ መከራከር ግን መቻል አለበት። ምርቱ ምን ይምሰል የሚለውን የሚወስነው እሱ አይደለም፣ ያ የፕሮዳክት ማኔጀሩ ነው። ኢንጂነሮቹን የሚቀጥር፣ የሚያሳድግ፣ የሚያሰናብትም እሱ አይደለም። የእሱ ሥራ አምስት፣ አሥር፣ አንዳንዴም ሠላሳ ቡድን የሚነካ ነገር በቀኑ እንዲደርስ ማድረግ ነው። የማን ሥራ ማንን እንደሚጠብቅ ያውቃል። የትኛው ቀን ውሸት እንደሆነ ያሸታል። ሰው የሚፈራውን ነገር ሳይረፍድ እንዲናገር ያደርጋል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በእጁ አንዳች ሥልጣን የለም።

ሠርግ ያየ ሰው ይገባዋል። ድንኳኑ በአንዱ፣ ጠላው በሌላው፣ መኪናው በሌላው፣ ቪዲዮው በሌላው እጅ ነው። ሙሽራው አለ፣ የሙሽራዋ አባት አሉ፣ ሚዜዎቹ አሉ። ነገር ግን የትኛው ብረት ድስት ከየትኛው ዕድር እንደሚመጣና ወጥ ሠሪዋ ከባለ ድንኳኑ ጋር እንደተኮራረፈች የምታውቅ አንዲት አክስት አለች። ማዕረግ የላትም። እሷ የታመመች ቀን ሠርጉ ይበላሻል። ይህቺን አክስታችንን «ለዚህ ሠርግ አንቺ በግልሽ ምን ሠራሽ?» ብትሏት «ኧረ እኔ ምን ሠራሁ፣ ሁሉም ተረባርቦ ነው እንጂ!» ትላችኋለች። ወደቀች። ቀጣይ ተፈታኝ ይግባ!

እስኪ ፈተናውን ራሱን እንየው። መጀመሪያ የቅጥር ክፍሏ ሠራተኛ በስልክ ታናግራችኋለች። ቀጥሎ አንድ ማኔጀር። ይህን ላለፈ ደግሞ አራት፣ አምስት፣ አንዳንዴ ስድስት ሰው በተከታታይ ይቀመጥለታል፤ እያንዳንዱ 45 ደቂቃ ወይም አንድ ሰዓት። አንዱ የሲስተም ዲዛይን ይጠይቃል (ይህን አንነካውም፣ ደህና ጥያቄ ነው)። አንዱ ከባዶ ተነስታችሁ አንድ ፕሮግራም እንዴት እንደምታቅዱ ይጠይቃል። የቀሩት «አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበትን አጋጣሚ ንገረኝ» እያሉ ታሪክ ይሰበስባሉ። አማዞን ለምሳሌ የአመራር መርሆዎች የሚላቸው 16 ትእዛዛት አሉት፤ እስከ 2021 ድረስ 14 ነበሩ። (ሙሴ በ10 ጨርሷል። ደግሞም በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ ለምን እንደምናስጠነቅቅ ወረድ ስትሉ ይገባችኋል።) ጠያቂዎቹ መርሆዎቹን ይከፋፈሏቸውና እያንዳንዱ በድርሻው ታሪክ ይመዘግባል። ከሚቀጥረው ቡድን ውጭ የመጣ አንድ ጠያቂም አብሮ ይቀመጣል፤ ከ1999 ጀምሮ ያለ ልማድ ነው፣ እሱ «አይሆንም» ካለ አይሆንም። መልሱም የታወቀ ቅርጽ አለው፦ ሁኔታው፣ ኃላፊነትህ፣ ያደረግከው፣ ውጤቱ። ቅርጹ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በቅጥር ባለሙያዎች ዘንድ ሲዞር የኖረ ነው። አራቱም ክፍሎች ነጠላ ቁጥር ናቸው።

ከአዲስ አበባ ሆኖ ለሚፈተን ደግሞ ነገሩ ሌላ ቀለም አለው። ሲያትል በበጋዋ ከእኛ 10 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። እነሱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ቡናቸውን ይዘው ሲቀመጡ እዚህ ከምሽቱ 1 ሰዓት ነው፤ አምስተኛው ጠያቂ ሲሰናበት እኩለ ሌሊት ይሆናል። መብራት ቢጠፋ ተብሎ ጄኔሬተር ያለው ቢሮ ይለመናል፣ ዋይፋዩ ቢከዳ ተብሎ በሁለት ሲም ዳታ ይሞላል። በዚህ ሁሉ መሀል ልጅቷ በሁለተኛ፣ አንዳንዴም በሦስተኛ ቋንቋዋ የራሷን ጀብዱ ታወራለች።

እናንተን ምን አገባችሁ ትሉን ይሆናል። ጋዜጠኝነት ነው የተመረቅነው፣ ሰርቨርና ዳታቤዝ ከሩቅ ነው የምናውቀው። ነገር ግን ጓደኞቻችን ኢንተርቪው በደረሰባቸው ቁጥር ወደ እኛ ይመጣሉ። «ታሪኬን አሳምሩልኝ፤ እናንተ ጸሐፊዎች አይደላችሁ?» ይላሉ። ይህ ልመና ራሱ ብዙ ይናገራል። የሶፍትዌር ፕሮግራም ለመምራት የሚፈተን ሰው ለዝግጅት የሚሄደው ወደ ጋዜጠኛ ከሆነ፣ ፈተናው የሚለካው ምን እንደሆነ ሳይታወቅ ታውቋል ማለት ነው።

እንግዲያውስ በጋዜጠኛ ዓይን እንየው። በአንደኛ ዓመት ከሚያስተምሩን ነገሮች አንዱ የአንድ ሰው ወሬ ዜና እንደማይሆን ነው፤ ያውም በወሬው የሚጠቀመው ሰው የነገረን ከሆነ። ዜና ይዘን ስንገባ አርታኢያችን መጀመሪያ የሚጠይቁን «ሌላው ወገንስ ምን አለ?» ብለው ነው። መልስ ከሌለን ወደ ስልካችን እንመለሳለን። በዓመት ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ የሚከፈልበት ቅጥር ላይ ግን አምስት ጠያቂዎች አምስት ታሪክ ከአንድ አፍ ሰምተው፣ ለየብቻቸው ጽፈው፣ ከዚያ ተሰብስበው «አምስታችንም ሰምተናል» ብለው ይወስናሉ። አምስት ጆሮ አንድ አፍ ሲሰማ አምስት ምንጭ የሚሆነው በየትኛው ሂሳብ ነው? የሥራ ባልደረባ ቢጠየቅ እንኳ በብዛት በመጨረሻ ነው፣ ውሳኔው ካለቀ በኋላ፤ የሚጠየቀውም ተፈታኙ ራሱ የመረጠው ሰው ነው።

አንዲት ወዳጃችንን እንውሰድ። ስሟም፣ የሠራችበት ባንክም፣ የፈተናት ካምፓኒም ይቆየን። ባንኩ ከውጭ አገር በገዛው አዲስ ሲስተም አሮጌውን ሊተካ ነበር። በዕቅዱ ላይ ዋናው ቀን «30/6» ተብሎ ተጽፏል፤ ዓመት የለውም። የባንኩ ሰዎች የካቲት 30 ብለው አነበቡት። ሻጮቹ ደግሞ የሰኔ መጨረሻ፣ ያውም በፈረንጁ ሰኔ ብለው አነበቡት። በሁለቱ መካከል ወደ አራት ወር የሚጠጋ ልዩነት አለ። በየሳምንቱ ስብሰባ አለ፤ በየሳምንቱም ሁለቱም ወገን «በዕቅዱ መሠረት እየሄድን ነው» ይላሉ። አልዋሹም! ሁለቱም በዕቅዱ መሠረት እየሄዱ ነበር።

ነገሩ የታወቀው በስብሰባ አልነበረም። ወዳጃችን ማታ ከሥራ ስትወጣ ከሰርቨር ክፍሉ የማታ ፈረቃ ልጆች ጋር ሻይ የመጠጣት ልማድ ነበራት። አንድ ማታ አንዱ ልጅ «እነዚያ ሰዎች የመግቢያ ፈቃድ እስከ ሰኔ ድረስ ይሰጠን ብለው ጻፉ፣ ሥራው የካቲት ያልቃል ስትሉ አልነበር እንዴ?» አላት። በማግስቱ ሁለቱን ወገን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች፣ ቀኖቹ አንድ በአንድ በወር ስም ተጻፉ፣ ዕቅዱ ፈርሶ ተሠራ። ማንም ሰው ጥፋተኛ ተብሎ አልተጠራም፤ ይህም በአጋጣሚ የሆነ አይደለም።

ኢንተርቪው ላይ ይህንኑ ተናገረች። «አንድ የማታ ፈረቃ ባልደረባችን ነገረን፣ ሁለቱን ወገን አገናኘን፣ ዕቅዱን እንደገና ሠራን።» ጠያቂው «እሺ፣ አንቺስ ምን አደረግሽ?» አላት። አብራራች። «ገብቶኛል፣ ግን አንቺ በግልሽ?» አላት። አሁንም አብራራች። ሦስተኛ ጊዜ ሲጠይቃት «ሻይ ጠጣሁ» ልትለው ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር ብላናለች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሌሎች እጩዎች ጋር ለመቀጠል ወስነናል የሚለው ኢሜይል መጣ። የቅጥር ሠራተኛዋ በስልክ ስትጠየቅ የግል አስተዋፅኦዋ ጎልቶ አልወጣም የሚል ነገር ጣል አደረገችላት።

አሁን ልብ በሉ። «ስህተቱን ደረስኩበት» ብትል ኖሮ ታልፍ ነበር። ስህተቱን የደረሰበት ግን የማታ ፈረቃው ልጅ ነው። ከእሷ የሚፈለገው እሱን ከታሪኩ ማውጣት ብቻ ነበር። የእሷ ሥራ ልጁ ሳይፈራ የሚነግራት ሰው ሆና መገኘቷ ነው፤ ይህ ደግሞ ወራት የፈጀ፣ በአንድ ግሥ የማይነገር፣ ከቲፒኤም ሥራ ሁሉ ዋናው ነው። በዚያ ፕሮጀክት ስብሰባ ላይ የተቀመጠ ማንኛውም ሰው፣ ስልኩን ሲነካካ የዋለው ሳይቀር፣ ያንኑ ታሪክ በ«ኩ» ቢያወራው የሚያውቅበት የለም። ለዚህ ነው የአንዲት ፊደል ጉዳይ ትንሽ አይደለም ያልነው።

«እኛስ አገር ራስን ማወደስ የለም እንዴ?» የሚለን አይጠፋም። አለ እንጂ፤ ፉከራ አለ። «ዘራፍ!» ብሎ ተነስቶ የማን ልጅ እንደሆነና የት እንደዋለ የሚቆጥር አባት ነበረን፤ ሲፎክርም «እኔ» ማለቱ ነውር አልነበረም። ነገር ግን የት ሆኖ ነው የሚፎክረው? በጌታው ፊት፣ አብረውት በዋሉ ሰዎች መሀል። ያልዋለበትን ዋልኩ ቢል ከጎኑ የነበረው ሰው እዚያው ጠጁን ይዞ ተቀምጧል። የቴክኖሎጂ ካምፓኒው ኢንተርቪው ምስክሮቹ ከአዳራሹ እንዲወጡ ተደርጎ የሚደረግ ፉከራ ነው።

አንዲት ሌላ ጥያቄ ደግሞ አለች፦ «አለቃህን የተቃወምክበትን ጊዜ ንገረኝ»። ከአማዞን መርሆዎች አንዱ በግልጽ ተቃወም፣ ከተወሰነ በኋላ ግን ከልብህ አብረህ ሂድ የሚል ነው። መርሁ ጥሩ ነው፤ እዚህ አገር ያሉ መሥሪያ ቤቶችም ቢማሩት ደስ ይለናል። ግን እስኪ አስቡት፣ አለቃን በስብሰባ መቃወም ማለት በማግስቱ ወደ ግምጃ ቤት መዛወር በሆነበት ቢሮ ያደገ ጎበዝ ሠራተኛ እንዴት ነው የሚሠራው? አለቅየውን ብቻቸውን ሲሆኑ ያገኛቸዋል። ቁጥሩን አዘጋጅቶ ጠረጴዛቸው ላይ ይተዋል። የሚያከብሯቸውን አንድ አንጋፋ ይልክባቸዋል። በሳምንቱ አለቃ ሐሳባቸውን ለውጠው የራሳቸው አድርገው ይናገሩታል፤ ፕሮጀክቱም ይተርፋል። ሥልጣን ሳይኖር ተጽዕኖ ማሳደር ማለት ይህ ነው፤ በየማስታወቂያው ላይ ለቲፒኤም የሚጠየቀው ችሎታም ይኸው ነው። በኢንተርቪው ቅርጽ ሲነገር ግን «አልተቃወመም» ተብሎ ይመዘገባል።

እውነተኛ የቲፒኤም ሥራ ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ የአሜሪካን መንግሥት የጤና መድኅን ድረ ገጽ ታሪክ ያንብብ። ሄልዝኬር ዶት ገቭ ጥቅምት 1 ቀን 2013 ተከፈተ፤ በመጀመሪያው ቀን ተመዝግበው የጨረሱት 6 ሰዎች ነበሩ። ስድስት! ሥራው ላይ 55 ኮንትራክተሮች ነበሩ፤ ሁሉንም የሚያያይዝ ግን አልነበረም ማለት ይቻላል። ለማዳን ከተጠሩት አንዱ ከጉግል የመጣው ማይኪ ዲከርሰን ነው። ማዕረጉ ቲፒኤም አልነበረም፣ የሠራው ሥራ ግን ያ ነበር። በየቀኑ የሚደረግ ስብሰባ አቆመና ሦስት ሕግ ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ስብሰባው ችግር የሚፈታበት ነው፣ ጥፋት መለዋወጥ የፈለገ ሌላ ቦታ ይሂድ። የሚናገረው ነገሩን የሚያውቀው ሰው ነው፣ ማዕረጉ ከፍ ያለው አይደለም። የሚወራው በሚቀጥለው አንድና ሁለት ቀን ስለሚጎዳን ነገር ብቻ ነው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ድረ ገጹ 50,000 ሰው በአንድ ጊዜ ያስተናግድ ጀመር። በ2014 የጸደይ ወራት ምዝገባው ሲዘጋ፣ ስቴቶቹ በራሳቸው ድረ ገጽ የመዘገቡት ተደምሮ፣ 8 ሚሊዮን ሰው ተመዝግቦ ነበር።

እስኪ ሦስቱን ሕጎች መልሳችሁ አንብቧቸው። «እኔ» የምትል የለችባቸውም። ሁለተኛው ሕግ እንዲያውም ከእኔ በላይ የሚያውቀው ይናገር ማለት ነው። ይህን ሰው «በግልህ ምን አደረግክ?» ብትሉት በሐቅ የሚመልሰው «ስብሰባ ጠርቼ ሰዎቹን አስወራኋቸው» ነው።

ይህን ስንል «እኛ»ን መልአክ ማድረጋችን አይደለም። የመግለጫ አማርኛ ሲያንገሸግሸን የኖርን ሰዎች ነን። «ችግሩ ተለይቷል፣ አቅጣጫ ተቀምጧል፣ እርምጃ ይወሰዳል።» ማን ለየው? ማን አስቀመጠው? ማን ነው የሚወስደው? ባለቤት የሌለው ግሥ የሰነፍ መደበቂያ ነው፤ «እኛ»ም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ናት። ጠያቂው «ማን አደረገው?» ሲል ጥያቄው ልክ ነው፣ የእኛም የሙያ ጥያቄ ነው። ጠባችን አንድ መልስ ብቻ በመቀበሉ ላይ ነው። ለ«ማን?» የሚሰጠው ትክክለኛ መልስ አብዛኛውን ጊዜ የስም ዝርዝር ነው።

ተከራካሪዎቻችን ያላቸውን ጠንካራ ካርድም አንደብቅም። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ በ2022 ያወጡት የጥናቶች ጥናት ከመቅጠሪያ ዘዴዎች ሁሉ የወደፊቱን የሥራ ውጤት በመተንበይ ቀዳሚ ሆኖ የተገኘው ሥርዓት የተበጀለት ኢንተርቪው ነው ይላል፤ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትና ነጥብ አሰጣጡ አስቀድሞ የተጻፈ ማለት ነው። እንቀበላለን። ግን ቁጥሩን እዩት፦ 0.42 ነው፣ 1 ፍጹም በሆነበት መለኪያ። በስታቲስቲክስ ቋንቋ ሲተረጎም በሠራተኞች መካከል ካለው ልዩነት ከአንድ አምስተኛ በታች ያስረዳል። የተሻለ አጥተን የያዝነው ነገር ነው እንጂ የእግዜር ሚዛን አይደለም።

የጉግል የሰው ኃይል ኃላፊ የነበሩት ላዝሎ ቦክ በ2013 ለኒው ዮርክ ታይምስ ሲናገሩ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ኢንተርቪዎችን መርምረው በጠያቂዎች ነጥብና በኋላ በታየው ሥራ መካከል ምንም ግንኙነት እንዳላገኙ ተናግረው ነበር። ያኔ የነበረው ፋሽን እንቆቅልሽ ነበር፤ አውሮፕላን ውስጥ ስንት የጎልፍ ኳስ ይገባል ዓይነት። ቦክ የማይረባ ነው ብለው ጣሉትና መድኃኒቱን አዘዙ፦ «አንድ ጊዜ እንዲህ የሆነበትን ንገረኝ» የሚለውን ጥያቄ፣ ያውም በሥርዓት። በጊዜው ጥሩ መድኃኒት ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጥያቄዎቹ በየገጹ ተበተኑ፣ መልስ የሚሸጡ አሰልጣኞች በዙ፣ ሰው ታሪኩን እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ አጠና። አሁን ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጣና የሌለህን ታሪክ በአንድ ደቂቃ ያወጣልሃል፣ ከጥያቄው እኩል ስክሪንህ ላይ ይጽፍልሃል። በ2025 የጉግሉ ሰንዳር ፒቻይ ቢያንስ አንዱ ዙር በአካል እንዲሆን እያደረግን ነው አሉ። ይህ ማን መልሱን ከስክሪን እንዳነበበ ይነግራቸዋል፤ ማን የሰው ሥራ የራሱ አድርጎ እንዳወራ ግን አይነግራቸውም።

ደግሞ ሴቶቹን ይብሳል። ክርስቲን ኤክስሊና ጁድ ኬስለር በ2022 ባሳተሙት ጥናት ሴቶችና ወንዶች አንድ ዓይነት የሂሳብና የሳይንስ ጥያቄ ከሠሩ በኋላ ራሳቸውን እንዲገመግሙ ተጠየቁ። እኩል ያገኙ ሴቶች ለራሳቸው ከወንዶቹ ያነሰ ሰጡ፤ ስንት እንዳገኙ ከተነገራቸው በኋላ እንኳ ልዩነቱ አልጠፋም። ጥናቱ የተሠራው አሜሪካ ነው። «ሴት ልጅ አፏን አትክፈት» እየተባለ ባደገችበት ቤት ቢሠራ ምን ይወጣ እንደነበር ለእናንተ ትተነዋል።

በጣም ያሳቀን (ያሳዘነን ብንል ይሻላል) የ2024 መጀመሪያ ወሬ ነው። ኢንስታግራም ውስጥ 60 ያህል የቲፒኤም መደቦች እንደሚታጠፉ፣ ሰዎቹም ከፈለጉ ለፕሮዳክት ማኔጀርነት ኢንተርቪው ሊፈተኑ እንደሚችሉ ተዘገበ። እዚያው ቤት የሠሩ ሰዎች! ሥራቸው ታይቷል፣ አብረዋቸው የዋሉት በሚቀጥለው ጠረጴዛ ተቀምጠዋል። ከዚያ ሁሉ ምስክር ይልቅ አንድ ሰዓት የሚያወሩት ታመነ።

እና ምን ይሁን ነው የምትሉት ብላችሁ እንዳትይዙን፣ እንናገር። ለተፈታኙ የተዘበራረቀ እውነተኛ ዕቅድ ስጡት፤ ስሞቹ የተሰረዙ፣ ቀኖቹ የሚጋጩ፣ ሁለት ቡድን አንዱ ሌላውን የሚጠብቅበት። አንድ ሰዓት ያንብበው። ከዚያ ነገ ጠዋት መጀመሪያ ማንን እንደሚያናግርና ምን እንደሚጠይቅ ይንገራችሁ። የእኛ ወዳጅ «30/6»ን አይታ «በማን አቆጣጠር?» ለማለት አምስት ደቂቃ አይፈጅባትም ነበር። ታሪክ መስማት ካለባችሁም ጥያቄውን ቀይሩት፦ በዚያ ሥራ ላይ እነማን ነበሩ፣ እያንዳንዳቸው ምን አደረጉ፣ ስለ አንተስ ምን ይሉ ይሆን? የውሸታም ታሪክ እዚህ ላይ ይሳሳል፤ የሌላውን ሥራ በዝርዝር የሚያውቅ አብሮ የዋለ ሰው ብቻ ነውና። ከዚያ ከተጠሩት ስሞች አንዱን፣ ተፈታኙ ያልመረጠውን፣ በተፈታኙ ፈቃድ ስልክ ደውሉለት። በአሁኑ መሥሪያ ቤቱ መታወቅ የማይፈልግ ካለ በቀድሞው ይሁን። ጊዜ ይወስዳል ካላችሁን አምስት ሰው ለአምስት ሰዓት ማስቀመጥም ይወስዳል።

ዛሬ ማታ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ የሚቀመጡ ጓደኞቻችን ግን እስኪለወጥ አይጠብቁም። እነሱን «በእኛ ሙቱ» አንላቸውም፤ የቤት ኪራይ አለባቸው። ያንተ በሆነው ላይ «እኔ» በል፣ አትፈር። የሌላው በሆነው ላይ ግን ሰውየውን በሥራው ጥራውና አንተ ለእሱ ምን እንዳደረግክለት ተናገር። «ስህተቱን ያገኘው የማታ ፈረቃው ኢንጂነር ነው፤ እኔ ያደረግኩት ያየውን የሚናገርበት በር መክፈት፣ በማግስቱም ሁለቱን ወገን ማስቀመጥ ነው።» ይህ ዓረፍተ ነገር ውሸት የለበትም፣ «ኩ»ም አለበት። ወዳጃችንን ለቀጣዩ ዙር ያለማመድናት እንዲህ ነው።

የቀረው ጥያቄያችን ለእናንተ ነው፤ ሲያትል፣ አርሊንግተን፣ ደብሊን ሆናችሁ ከጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ለምትቀመጡ ያገራችን ልጆች። ከኢንተርቪው በኋላ ነጥብ የምትሰጡበት ቅጽ አለ። እዚያ ላይ «እኛ ማለት አብዝታለች» ብሎ የሚጽፍ ባልደረባ ሲገጥማችሁ ዝም አትበሉ። እናንተ ራሳችሁ ያንን «ን» ለመርሳት ስንት ወር እንደፈጀባችሁ ታውቃላችሁ። እጃችሁን አውጡና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በታሪኳ ውስጥ ስንት ሰው ጠርታለች? ስንቱስ ምን እንደሠራ ተናገረች? መልሱን በቅጹ ላይ ጻፉት።